ጥቂት ማይክሮፎን፣ ብዙ ከበሮ

ማንኛውም ምርጫ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል የተመረጠው ነገር ይታወቃል፤ በሌላ በኩል ሳይመረጥ የቀረው ይረሳል። ሀብት በተረፈበት ቦታ ይህ ሁለተኛው ገጽታ ጎልቶ አይታይም፤ ሁሉን መያዝ የሚችል ሰው ምን እንደ ተወ አይጠየቅምና። ገንዘብ ባጠረ ጊዜ ግን እያንዳንዱ ምርጫ ፍርድ ይሆናል። የከበሮን ድምፅ በጥቂት ገንዘብ ለመቅረጽ ማይክሮፎን የመምረጥ ጉዳይ፣ ላይ ላዩን ሲታይ የዕቃ ግዢ ጥያቄ ቢመስልም፣ በመሠረቱ ከዚህ ዓይነቱ ፍርድ የሚመደብ ነው። ሁለት ከበሮ መቺዎች፣ አንዲት ዘፈን አውጪና ሃያ ያህል ተቀባዮች በተሰለፉበት ፊት ሦስት ማይክሮፎን ብቻ ይዞ የቆመ ሰው፣ የነገን አድማጭ ጆሮ ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል። ታዲያ ይህን ውሳኔ በምን ሚዛን ሊወስን ይገባዋል?

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባላል። ተረቱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሌላውን ሥራ ቀላል አድርጎ ለሚገምት ሰው ነው። ከመቺው አልፎ ለድምፅ ቀራጩም ይሠራል። ከበሮ ሲመታ የሰማ ሁሉ ድምፁን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ በመሣሪያ ሊይዘው ሲነሣ ግን ከእጁ ያመልጠዋል። ትልቁ የከበሮ አፍ የሚያወጣው ጎርናና ድምፅ በደረት የሚሰማ ሲሆን፣ የትንሹ አፍ ድምፅ ሹልና ፈጣን ነው። በማኅሌት ጊዜ እንደሚታየው ምቱ በዝግታና በለሆሳስ ይጀመርና እየፈጠነና እየጋለ ሄዶ መጨረሻው ነጎድጓድ ይሆናል። በመነሻው ጸጥታ ልክ መሣሪያውን ያዘጋጀ ቀራጭ፣ ምቱ ሲጋል የሚያገኘው የተሰነጣጠቀ ጩኸት ነው። ስለዚህ ከበሮን ለመቅረጽ የሚነሣ ሰው ከዕቃው በፊት የጨዋታውን መነሻና መድረሻ ማወቅ ይጠበቅበታል።

ማይክሮፎን ራሱ ከበሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በውስጡ የተወጠረ ስስ ሽፋን አለ፤ አየሩ ሲመታው ይርገበገባል፤ ርግብግቡም ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። በሰው ጆሮ ውስጥ ያለውም ሽፋን የጆሮ ታምቡር ይባላል። እንግዲህ በአንድ ቅጂ ውስጥ ሦስት ቆዳዎች ይነጋገራሉ፤ የመጀመሪያው በመቺው እጅ ያለው፣ ሁለተኛው በመሣሪያው ውስጥ ያለው፣ ሦስተኛው በአድማጩ ራስ ውስጥ ያለው ነው። መካከለኛው ቆዳ እንደ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚ ያልሰማውን ሊናገር አይችልም፤ የሰማውንም እንዴት እንደሚናገር በእርሱ ላይ የተመካ ነው። የቀራጩ ኃላፊነት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የድምፅ ቀረጻ ታሪክ ይህ ኃላፊነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያስተምራል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ ማይክሮፎን በቀረጻ ሥራ ላይ ገና አልዋለም ነበር። ድምፅ የሚሰበሰበው በቀንድ መሰል ጡሩምባ ነበር፤ በጡሩምባው ጫፍ ያለው መርፌም በቀጥታ ሰም ላይ ይጽፍ ነበር። ያ መሣሪያ የሰውን ድምፅ እንደ ነገሩም ቢሆን ይይዛል፤ ትልቅ ከበሮ ሲመታበት ግን መርፌው እየዘለለ ቅጂውን ያበላሽ ነበር። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ የጃዝ ሸክላዎች በተቀረጹበትና ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ከበሮ መቺዎች ትልቁን ከበሮ እንዲተዉ ወይም ርቀው እንዲቆሙ፣ በምትኩም እንጨትና ጸናጽል መሰል ነገር እንዲመቱ ይደረግ ነበር። ማይክሮፎንን የሚጠቀም የኤሌክትሪክ ቀረጻ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ከመሣሪያ ታሪክነት ያለፈ ነው። እነዚያን ሸክላዎች ብቻ የሰማ የኋላ ዘመን ሰው፣ የዚያን ጊዜ ሙዚቀኞች ከበሮን እምብዛም አይጠቀሙም ነበር ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። መሣሪያው ያልቻለው ነገር በአድማጩ ዘንድ ያልነበረ ነገር ሆኖ ተቆጠረ። የተጻፈ ስሕተት በሌላ ጽሑፍ ሊታረም ይችላል፤ ያልተቀረጸ ድምፅ ግን ስለ መኖሩ የሚመሰክርለት የለም። በመሆኑም ቀራጭ ሁሉ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ምስክር መራጭ ነው።

የዕቃ እጥረት ታላቅ ሥራን እንደማይከለክል ደግሞ የአዲስ አበባ የሸክላ ዘመን ያሳያል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ በነበረበት ሁኔታ፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን አወጣ። ሙዚቀኞቹ በአንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ባንድ ጊዜ ይጫወቱ ነበር፤ የከበሮው ድምፅ በነፋስ መሣሪያዎቹ ማይክሮፎን ውስጥ፣ የዘፋኙም ድምፅ በከበሮው ማይክሮፎን ውስጥ መግባቱ የማይቀር ነበር። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ እነዚያ ሥራዎች በዓለም ዙሪያ ሲደመጡ፣ አድማጩን የማረከው አንዱ ነገር ይኸው የመቀላቀል ሙቀት ነው። ሰዎቹ አብረው መሆናቸው ከድምፁ ይታወቃል። ድህነት ውበት ነው ማለት ግን አይደለም። ጥቂት ዕቃ በብዙ ትኩረት ሲደገፍ ምን ሊያፈራ እንደሚችል ግን ከዚህ የተሻለ አስረጂ አይገኝም።

ጉዳዩን በአንድ ተጨባጭ ሥፍራ ላይ አስቀምጦ መመርመር ይበጃል። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተራሮች አቅጣጫ፣ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ይገኛል። ማዕከሉ በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመ ሲሆን፣ 705 ሄክታር ያህል ስፋት አለው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታውም ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ አካባቢውን በወረሰው ባሕር ዛፍ መካከል፣ ጽድና ወይራን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች እየተጠበቁና እየተተከሉ ነው። አሁን አንድ አነስተኛ የኪነት ቡድን፣ የስቱዲዮ ኪራይ ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት፣ በማዕከሉ ፈቃድ በማለዳ ከዛፎቹ ሥር ጨዋታውን ሊቀርጽ ተነሣ እንበል። ያለው ገንዘብ ወይ አንድ ደኅና ውድ ማይክሮፎን፣ ወይ ሦስት መካከለኛ፣ ወይ ስምንት ርካሽ ማይክሮፎን ይገዛል። የትኛውን ይምረጥ?

የመጀመሪያው ፈተና ብዛት ነው። ስምንት ማይክሮፎን በየከበሮው አፍና በየሰዉ ፊት ቢደቀን ፍትሕ የተሟላ ይመስላል፤ ሁሉም የየራሱ ጆሮ አግኝቷልና። ነገር ግን የማይክሮፎን መብዛት ራሱ ችግር ይወልዳል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አንድ ሜትር ለመሄድ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ሦስት እጅ ያህል ጊዜ ይወስድበታል። አንድ ምት ወደ ሁለት ማይክሮፎኖች ሲደርስ፣ ከአንዱ ይልቅ ወደ ሌላው አንድ ሜትር የሚረዝም መንገድ ቢሄድና የሁለቱ ቅጂ ቢደመር፣ በሴኮንድ 170 ጊዜ ያህል የሚርገበገበው የድምፅ ክፍል እርስ በርሱ እየተቃረነ ይሳሳል። ይህም የከበሮው አካል የሚሰማበት ክልል ነው። ሁለቱም ማይክሮፎኖች የሰሙትን በእውነት ይናገራሉ፤ ሲደመሩ ግን ከበሮውን ያከሱታል። የምስክር ብዛት ያለ ሥርዓት ሲቀርብ እውነትን ሊያደበዝዝ እንደሚችል፣ የፍርድ አደባባይ ከሚያስተምረው ባላነሰ ከበሮ ያስተምራል።

ሁለተኛው ፈተና ዝና ነው። አንድ ውድ የኮንደንሰር ማይክሮፎን የሦስት ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል፤ ለመሥራትም 48 ቮልት ኃይል ከመቅረጫው ይፈልጋል። በጥንቃቄ በተሠራ ክፍል ውስጥ ድንቅ ነው። በማለዳ ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ላይ፣ በኃይለኛ ምት አጠገብ፣ በተውሶ ባትሪ የሚሠራ ቡድን ግን የዕቃውን ስም እንጂ ችሎታውን ገዝቷል ማለት አያስደፍርም። በአንጻሩ ሹር 57 የተባለው ማይክሮፎን እ.ኤ.አ. በ1965 ወጥቶ እስከ ዛሬ ሲሠራበት ይገኛል፤ ዋጋው መቶ ዶላር ገደማ ነው። በማግኔት መካከል በሚንቀሳቀስ ጥቅል ሽቦ ስለሚሠራ የውጭ ኃይል አይሻም፤ ኃይለኛ ምት አይበግረውም። ይህ ማይክሮፎን በአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የንግግር መድረክ ላይ ለብዙ ዓመታት ተተክሎ የቆየ ሲሆን፣ በዚያው ልክ በዓለም ዙሪያ በከበሮ ቆዳ ላይ ተደቅኖ ይውላል። ለመሪ ንግግር የበቃ ጆሮ ለከበሮ መቺም ይበቃል። ስለ ዕቃ ክብር የሚያስብ ሰው ይህን ልብ ቢል መልካም ነው።

እንግዲህ የቀረው ሦስተኛው መንገድ፣ ማለት ጥቂት፣ ጠንካራና ለሥራው የሚስማማ ዕቃ ነው። ይህም ቢሆን ብቻውን አያድንም። የሚያድነው አቀማመጡ ነው። እንግሊዛዊው የድምፅ ባለሙያ ግሊን ጆንስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የዘመናዊውን የከበሮ ስብስብ በሦስት ወይም በአራት ማይክሮፎን ብቻ በመቅረጽ ስሙን ተክሏል። የዘዴው ቁም ነገር፣ አንዱ ከመቺው በላይ፣ ሌላው በጎኑ የሚቆሙት ሁለት ማይክሮፎኖች ከመካከለኛው ከበሮ እኩል ርቀት እንዲኖራቸው ማድረግ ነው። ምቱ ለሁለቱም ባንድ ጊዜ ስለሚደርስ እርስ በርሱ አይጣረስም። ለዚህ የሚያስፈልገው መለኪያ ገመድ ነው፤ ገመድ ደግሞ ከድሃ ቤት አይጠፋም። በከበሮም ላይ እንዲሁ ነው። በአንድ ከበሮ ሁለት አፎች ፊት ሁለት ማይክሮፎን ቢተከል፣ የተመታው ቆዳ ወደ ውስጥ ሲገባ ሌላኛው ወደ ውጭ ስለሚገፋ ጎርናናው ድምፅ ሊሳሳ ይችላል፤ የአንደኛውን ማይክሮፎን አቅጣጫ በመቅረጫው ላይ በመገልበጥ ግን ያለ አንዳች ወጪ ይስተካከላል። የገንዘብ እጥረት የማይክሮፎኑን ቁጥር ይወስናል እንጂ የጥንቃቄውን መጠን አይወስንም።

ወደ ጉለሌው ቡድን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ማይክሮፎን የት ይቁም የሚለው ጥያቄ የሥነ ምግባሩን ጉዳይ ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል። ወደ ትልቁ ከበሮ አፍ አንድ ስንዝር ቢጠጋ ድምፁ ግዙፍ ይሆናል፤ ከአንድ አቅጣጫ የሚሰማ ማይክሮፎን በቀረበ ቁጥር ጎርናናውን እያገነነ ይሄዳልና። የሚሰማው ግን ማንም አድማጭ ሰምቶት የማያውቀው ከበሮ ነው። በቆዳው ላይ ጆሮውን ለጥፎ ዘፈን የሚሰማ ሰው የለም። በሌላ በኩል ማይክሮፎኑ ሁለት ሦስት እርምጃ ርቆ፣ በቆመ ሰው ጆሮ ልክ ቢተከል፣ ከበሮውን ከጭብጨባው፣ ጭብጨባውን ከእልልታው፣ አውጪዋን ከተቀባዮቿ ጋር ያገኛል። ሚዛኑ የሚጠበቀውም በመሣሪያ ቁልፍ ሳይሆን በእግር ነው። ድምፁ የጎላው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ ድምፀ ለስላሳው ይጠጋል። ሁሉም ስለ ሌላው ሲል ቦታውን ያስተካክላል። አንድ ማይክሮፎን ከብዙ ሰዎች ፊት ሲቆም ተጫዋቾቹን መደማመጥን ያስገድዳቸዋል፤ ስምንት ማይክሮፎን ግን ይህን ግዴታ ከትከሻቸው አንሥቶ ለአንድ ሰው ጣቶች ያስረክበዋል።

የማዕከሉ የራሱ ሥራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አንድን ተክል ለትውልድ ለማቆየት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቅጠሉንና አበባውን ቀጥፎ፣ አድርቆ፣ በወረቀት ላይ ለጥፎ ማስቀመጥ ነው። ተመራማሪው የቅጠሉን ጅማት ሳይቀር በዚያ ይለያል። ሁለተኛው ተክሉን ከነሥሩ በሚስማማው አፈር ላይ መትከል ነው። በዚያ ንብ ይጎበኘዋል፤ ጥላው በጎረቤቱ ላይ ያርፋል፤ ዘሩም ይወድቃል። ቆዳውን ተጠግቶ የሚቀርጽ ማይክሮፎን እንደ ደረቀው ቅጠል ነው፤ ርቆ የሚቀርጸው እንደ ቆመው ዛፍ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይረዳዳሉ። ነገር ግን ያለው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ቅድሚያ የሚገባው ለሕያው ነው። ከሕያው ተክል ቅጠል ቀጥፎ ማድረቅ ይቻላል፤ ከደረቀው ቅጠል ግን ዛፍ አይበቅልም። እንደዚሁም የጨዋታውን ሙሉ መልክ የያዘ ቅጂ ውስጥ ከበሮውን ለይቶ ማዳመጥ ይቻላል፤ ከበሮውን ብቻ ከያዘ ቅጂ ውስጥ ግን ሃያዎቹን አጨብጫቢዎች ማንም ሊያወጣቸው አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ማይክሮፎን ለኅብረቱ ይሁን፤ ሁለተኛው በቅርብ ካልተሰማ ለሚጠፋው ለትንሹ አፍ፤ ሦስተኛው ቃሉ እንዲለይ ለአውጪዋ። ትልቁ አፍ ራሱን ማሰማት አያቅተውምና መጨረሻ ላይ ቢታሰብ አይጎዳም። ጉልበተኛው ራሱን በሚያሰማበት ቦታ፣ ጥቂቱ ሀብት ለደካማው ድምፅ መዋል ይገባዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው ወገን፣ ባህላችን የሚገባው ምርጥ መሣሪያ ነው፤ በተራ ዕቃ ከሚቀረጽ ምርጡ እስኪገኝ ቢጠበቅ ይሻላል ይላል። ክብርን የሚሻ በመሆኑ ሐሳቡ አይናቅም። የባህል ተቋማት የተሟላ መሣሪያ እንዲኖራቸው መጠየቅም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ከበሮ መቺ ዕድሜ አለው። የሽማግሌው እጅ የመሣሪያውን ግዢ አይጠብቅም። የነጋድራስ ተሰማ ሸክላዎች በዛሬ ጆሮ ሲመዘኑ ሻካራ ናቸው፤ ማይክሮፎን በቀረጻ ሥራ ላይ እስኪውል ተብሎ ቢጠበቅ ኖሮ ግን ያ ድምፅ በወጣትነት ጉልበቱ ባልቀረልን ነበር። ለጥራት ሲባል የተላለፈ ቀረጻ ብዙ ጊዜ የማይመለስ ዝምታ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ወገን በተቃራኒው፣ ገንዘብ ስለሌለ እንደ ነገሩ መሥራት ይፈቀዳል ባይ ነው። ይህኛው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ድህነትን የስንፍና ከለላ ያደርጋልና። ነፋስ መከላከያ ስፖንጅ ሳያለብስ የቀረጸ፣ የምቱን ከፍታ አስቀድሞ ሳይሞክር መሣሪያውን የከፈተ፣ ከጤዛ የላላውን ቆዳ በፀሐይ ወይም በእሳት ዳር ሳያስሞቅ የጀመረ ሰው፣ የተበላሸው ሥራ በገንዘብ እጦት ተበላሸ ሊል አይችልም። በከፍተኛው የጉለሌ ማለዳ ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ይለግማል፤ ይህን የሚያውቀው መቺው ነው። መቺውን መጠየቅ ደግሞ ዋጋ የለውም። የመቺው ስም፣ የምቱ ስም፣ ቦታውና ቀኑ፣ ከበሮው ከዋንዛ ይሁን ከሌላ እንጨት መጠረቡ፣ ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ወረቀትና እርሳስ ነው። በእጽዋት ማዕከል ውስጥ ስሙ ያልተጻፈለት ችግኝ ለተመራማሪው ግማሽ ዋጋውን እንደሚያጣ ሁሉ፣ ስም አልባ ቅጂም የባለሙያውን ድርሻ ይሰርዛል።

ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ነው። ገንዘቡ ለአራተኛ ማይክሮፎን ጥቂት ቢጎድል፣ ከመቺው አበል ላይ ቀንሶ መሙላት ይፈቀዳልን? ብዙ ቀራጭ ይህን ጥያቄ እንደ ሒሳብ ይመለከተዋል፤ ዕቃው ለዘለዓለም ይቀራል፣ አበሉ ግን በአንድ ቀን ይበላል እያለ። በእውነቱ ግን ማይክሮፎን የሚገዛው መቺው እንዲሰማ ነው። እንዲሰማ የተፈለገው ሰው ድካም የማይከፈልበት ከሆነ፣ ማይክሮፎኑ የሚያሰማው ድምፁን እንጂ ሰውየውን አይደለም። የሰውን ድምፅ አክብሮ ባለድምፁን መበደል፣ ከበሮውን ይዞ ማኅሌቱን እንደ መተው ያለ ነው። ስለዚህ የበጀቱ የመጀመሪያ መስመር የባለሙያው ዋጋ ይሁን፤ ማይክሮፎኑ ከተረፈው ይገዛ። በሦስት የታቀደው በሁለት ቢሠራ ሥራው አይፈርስም፤ የተበደለ መቺ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ቢጠሩት አይመጣም፤ ቢመጣም እጁን እንጂ ልቡን ይዞ አይመጣም፤ ይህንንም ቀጭኑ የማይክሮፎን ሽፋን ሳይቀር ይሰማዋል።

እንግዲህ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያንን የጉለሌ ማለዳ ቅጂ የሚከፍት መምህር ወይም ተማሪ የማይክሮፎኑን ዋጋ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማን ይመታ እንደነበር፣ ማን ይቀበለው እንደነበር፣ ሁለቱ እንዴት ይደማመጡ እንደነበር ነው። የከበሮውን ሁለት አፎች፣ የሰዎቹን ጭብጨባ፣ ምናልባትም ከጽዱ ላይ የምትጮህ ወፍ ይሰማል። ስማቸውንም ከቅጂው ጋር ተጽፎ ያገኛል። ይህን ያገኘ ሰው፣ የቀረጹት ጥቂት ዕቃ እንደነበራቸው ላያውቅ ይችላል፤ በጥቂቱ ዕቃ ማንንም እንዳልበደሉ ግን ከድምፁ ይረዳል።